ርዕሰ መስተዳድሯን የጣለው ሰፈር

ሜይ 14 ቀን 2013 ማታ፣ በምዕራብ ካናዳዋ ክፍለ ሀገር በብሪትሽ ኮሎምቢያ የድምፅ ቆጠራው ሲጠናቀቅ፣ ርዕሰ መስተዳድሯ ክሪስቲ ክላርክ አሸንፈውም ተሸንፈውም ነበር። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ሁሉ መውደቁን ሲተነብዩለት የሰነበተው ሊበራል ፓርቲያቸው ከ85 የምክር ቤት መቀመጫዎች 49ኙን ጠቅልሎ ወሰደ። እሳቸው ራሳቸው ግን በተወዳደሩበት በቫንኩቨር-ፖይንት ግሬይ የምርጫ ክልል በ1,000 ገደማ ድምፅ ተረቱ። ያሸነፋቸው ዴቪድ ኢቢ የሚባል ወጣት የመብት ተሟጋች ጠበቃ ነበር። መንግሥት የመመሥረት ሥልጣን በእጃቸው ሆኖ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ የሚቀመጡበት ወንበር ግን አልነበራቸውም። አንድ የፓርቲያቸው ተመራጭ በኬሎና ከተማ አካባቢ ያለውን መቀመጫውን ለቀቀላቸውና በጁላይ በተደረገው የማሟያ ምርጫ ገቡ።

ክፍለ ሀገሩ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1924 ጆን ኦሊቨር የሚባሉ ርዕሰ መስተዳድር ፓርቲያቸው በሥልጣን ሲቆይ እሳቸው በቪክቶሪያ ከተማ ተሸንፈው፣ ኔልሰን ወደምትባል የተራራ ከተማ ሄደው ነው መቀመጫ ያገኙት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የፖይንት ግሬይን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግን የክላርክ ሽንፈት ያን ያህል ዱብ ዕዳ አይሆንም። ሰፈሩ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ «የሀብታሞች ሰፈር ነው፣ ማንን እንደሚመርጥ ይታወቃል» ሲባልበት ኖሯል። እሱ ግን በተራ ሊበራሉንም፣ ወግ አጥባቂውንም፣ ሶሻል ክሬዲቱንም፣ የሠራተኛውን ወገን ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲንም ልኳል፤ አንዳንዴም ሁለት ተቀናቃኞችን በአንድ ቀን። ለዚህ ምክንያቱ የነዋሪው ጠባይ ብቻ አይደለም። የድንበሩ መስመር የት እንደተሰመረና ድምፁ እንዴት እንደተቆጠረ ሳይታይ የፖይንት ግሬይ ውጤት አይገባም።

ፖይንት ግሬይ ከቫንኩቨር ከተማ በስተምዕራብ ወደ ባሕር የገባ ምድር ነው። ሰሜኑ የባሕር ወሽመጥ፣ ደቡቡ የፍሬዘር ወንዝ መግቢያ ነው፤ ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ የሙስኪዬም ሕዝብ መኖሪያ ነበር። ነጮቹ ሰፋሪዎች ከመጡ በኋላ ሰፊው መሬት በካናዲያን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ እጅ ገባና ኩባንያው ሾኔሲ የሚባለውን የባለጸጎች ሰፈር ቆረቆረ። በ1908 አካባቢው ከሳውዝ ቫንኩቨር ተገንጥሎ የራሱን ማዘጋጃ ቤት አቆመ። ይህ ማዘጋጃ ቤት ለሥርዓቱ የሚጨነቅ ነበር፤ መኖሪያው፣ ሱቁና ፋብሪካው የት የት እንደሚሠሩ የሚደነግግ ደንብ በ1922 ሲያወጣ በካናዳ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። የዚያኑ ዓመት በጥቅምት ወር የብሪትሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጠባብ ጊዜያዊ ሕንፃዎች መማር መርሯቸው፣ ከ1,000 በላይ ሆነው፣ ግንባታው ተጀምሮ ወደቆመው የፖይንት ግሬይ ግቢ በሰልፍ ተጓዙ። መንግሥት ገንዘቡን ፈቀደና በ1925 ትምህርት በአዲሱ ግቢ ተጀመረ። ባለጸጋውና ተማሪው የአንድ ሰፈር ሰዎች የሆኑት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ምርጫዎች ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ጉርብትና ታሪክ ናቸው ማለት ይቻላል።

በጃንዋሪ 1 ቀን 1929 ፖይንት ግሬይ ማዘጋጃ ቤቱን አጥፎ ከቫንኩቨር ጋር ተቀላቀለ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ የዓለም ኢኮኖሚ ድቀት የክፍለ ሀገሩን ወግ አጥባቂ መንግሥት ሲያንኮታኩት፣ ስሙ በምርጫ ክልልነት ዳግም ብቅ አለ። ቫንኩቨር-ፖይንት ግሬይ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠው በ1933 ምርጫ ሲሆን፣ የተሰጠው መቀመጫ አንድ ሳይሆን ሦስት ነበር። መራጩ ሦስት ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሦስቱ ምክር ቤት ይገባሉ። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል፣ ዛሬ አንድ የምርጫ ክልል ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልከው አንድ ሰው ነውና። ይሁንና በ1955 በተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥትም አንድ የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴዎች ይልክ ነበር። አሠራሩ በዘመኑ የተለመደ ነው። ጉዳቱም የታወቀ ነው፤ የፓርቲ ማዕበል በተነሣ ቁጥር ሦስቱንም ወንበር አንድ ወገን ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

በ1933 የሆነውም ይኸው ነበር። ሦስቱንም ሊበራሎች ወሰዱ። ከሦስቱ የሚታወሰው ጆርጅ ዊር ነው። የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ፕሮፌሰር ሲሆን፣ በክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ላይ በ1925 የወጣውን ትልቅ የጥናት ዘገባ ከባልደረባው ጋር የጻፈ ሰው ነው። የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ሳለ በ1936 የጤና መድን ሕግ አስወጣ። ሠራተኛውና አሠሪው በየወሩ እያዋጡ ሐኪም ዘንድ መታከም እንዲቻል የሚያደርግ ሕግ ነበር። ሐኪሞች ተነሡበት፣ ነጋዴዎች ተነሡበት፣ መንግሥቱም በ1937 መባቻ አፈጻጸሙን አዘገየ። የዚያኑ ዓመት ከጠቅላላ ምርጫው ጋር ለሕዝብ ሲቀርብ አብላጫው ደገፈው፤ ሕጉ ግን ከወረቀት ሳይወርድ ቀረ። ካናዳ ዛሬ የምትኮራበት የጤና መድን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ነው የፈጀው። ከቅንጡ ሰፈር የተመረጠ ፕሮፌሰር ለወዛደሩ መድን ሲሟገት ማየት «የሀብታሞች ሰፈር» የሚለውን ስም ከመጀመሪያው ጥርጣሬ ውስጥ የሚከት ነው።

በዚያ ዘመን «ሕዝብ መረጠ» ሲባል ግን የትኛው ሕዝብ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የምድሩ ባለቤት የሙስኪዬም ሰዎች በክፍለ ሀገሩ ምርጫ ድምፅ አልነበራቸውም። ቻይናውያን እንደ እነሱ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ተከልክለዋል፤ ጃፓናውያን በ1895፣ ሕንዳውያን በ1907 ተጨመሩባቸው። በሾኔሲ ቤቶች ምግብ የሚያበስለውና አትክልት የሚኮተኩተው ቻይናዊ፣ እዚያው ካናዳ የተወለደ እንኳ ቢሆን፣ በምርጫው ቀን ወደ ጣቢያ አይሄድም። ክልከላው ለቻይናውያንና ለሕንዳውያን በ1947፣ ለጃፓናውያንና ለቀደምት ሕዝቦች በ1949 ተነሣ። ስለዚህ የፖይንት ግሬይ የመጀመሪያዎቹ አራት ጠቅላላ ምርጫዎች ሁሉ በቀለም ተጣርተው የተካሄዱ ናቸው።

በ1941 ምርጫ ደግሞ ቲሊ ሮልስተን የሚባሉ ወግ አጥባቂ ሴት ገቡ። የፓርቲያቸው መሪ ሮያል ሜይትላንድም የተመረጠው ከዚሁ ክልል ነበር፤ ከሊበራሎች ጋር ጥምር መንግሥት መሥርቶ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ሮልስተን በምክር ቤት ውስጥ ስም ያወጡት በማርጋሪን ነው። የወተት ላም አርቢዎች ማርጋሪን ቅቤ መስሎ እንዳይሸጥባቸው ቢጫ ቀለም እንዳይገባበት ይሟገቱ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ለቤት እመቤቷ ወጪ ወገኑና ቀለም ያለው ማርጋሪን እንዲፈቀድ ታገሉ። ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። የወንዶቹ ምክር ቤት ግን የጓዳን ወጪ ቁም ነገር ብሎ እንዲከራከርበት ያደረገ ትንሽ ጉዳይ ነበር።

ከዚያ በ1952 ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ለአሥር ዓመት ያህል አብረው የገዙት ሊበራሎችና ወግ አጥባቂዎች ሊለያዩ ሲሉ አንድ ፍርሃት ያዛቸው፤ ተለያይተው ሲወዳደሩ ሶሻሊስቱ ሲሲኤፍ በመሃል ገብቶ እንዳያሸንፍ። ስለዚህ የምርጫ ሕጉን ቀየሩት። መራጩ ዕጩዎችን 1፣ 2፣ 3 እያለ በምርጫው ቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ግማሽ ያለፈ ከሌለ የመጨረሻው ዕጩ ይወጣና ድምፆቹ ወደ ሁለተኛ ምርጫዎቹ ይተላለፋሉ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ሊበራሉ ወግ አጥባቂውን፣ ወግ አጥባቂውም ሊበራሉን ሁለተኛ ያደርጋል። እንደ ፖይንት ግሬይ ሦስት መቀመጫ ባላቸው ክልሎች ደግሞ ለእያንዳንዱ መቀመጫ የተለየ ወረቀት ተዘጋጀ። አንድ መራጭ ሀ፣ ለ፣ ሐ እንደማለት በሦስት ወረቀት ሦስት ምርጫ ያካሂዳል ማለት ነው።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና ይሏል። ቆጠራው ሳምንታት ፈጀ። የሲሲኤፍ መራጭም ሆነ የወግ አጥባቂው መራጭ ሁለተኛ ድምፁን የሰጠው ያልተጠበቀ ሆነ፤ በወቅቱ የክፍለ ሀገር መሪ እንኳ ያልነበረው ሶሻል ክሬዲት 19 መቀመጫ ይዞ አንደኛ ወጣ። ሲሲኤፍ 18 አገኘ። ሕጉን ያወጡት ሊበራሎች 6፣ ወግ አጥባቂዎች 4 ይዘው ቀሩ። ሶሻል ክሬዲት ከምርጫው በኋላ መሪ ያደረገው ዊልያም ኤ. ሲ. ቤኔት ለ20 ዓመት ገዛ።

ሮልስተን ነፋሱን ቀድመው አውቀውት ነበር። ወግ አጥባቂዎቹን ትተው ሶሻል ክሬዲት ገብተው በፖይንት ግሬይ አሸነፉና የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ በካናዳ የራሷ መሥሪያ ቤት ያላት የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ናቸው። ሥልጣኑ ግን ዕድሜ አልነበረውም። በ1953 መጋቢት ለትምህርት ቤቶች በጀት ማከፋፈያ ያቀረቡት ቀመር በምክር ቤት ተሸነፈና መንግሥቱን ይዞት ወደቀ። በተከተለው ምርጫ ፓርቲያቸው በአብላጫ ሲመለስ እሳቸው መቀመጫቸውን አጡ። የዚያኑ ዓመት አረፉ።

በዚያ በ1953 ምርጫ ፖይንት ግሬይ የላካቸው ሰዎች ዝርዝር አስገራሚ ነው። አንዱ የሶሻል ክሬዲት ዋና ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ቦነር፣ ሌላው ያንን መንግሥት ሊጥል የሚታገለው የሊበራሎች መሪ አርተር ሌይንግ ናቸው። ሁለቱ የአንድ ሰፈር እንደራሴዎች ሆነው በምክር ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተነታረኩ። ሌይንግ በ1956 ተሸንፈው ወደ ፌዴራል ፖለቲካ ሄዱ፤ ዛሬ ከቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ የሚገባ መንገደኛ በስማቸው በተሰየመው ድልድይ ያልፋል። ቦነር ደግሞ እስከ 1966 ቆዩ። በዚያ ዓመት፣ የዩኒቨርሲቲው ምሁር ሄንሪ አንገስ የመሩት ኮሚሽን ካርታውን ከለሰና የፖይንት ግሬይ መቀመጫ ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ። ሁለቱንም ሊበራሎች ወሰዱ። ዋና ዐቃቤ ሕጉ ራቅ ወዳለችው ወደ ካሪቡ ተሰድደው መቀመጫ ፈለጉ።

ከሁለቱ ሊበራሎች አንዱ ፓትሪክ ማክጊር ነው፤ ለዚህ ክልል እንደ እሱ የሚስማማ ሰው አልተገኘም ቢባል ማጋነን አይደለም። በ1948 በለንደን ኦሊምፒክ ለካናዳ ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል። የአንጎል ተመራማሪ ሲሆን ከባለቤቱ ከኢዲት ጋር በአልዛይመር በሽታ ላይ የሠራቸው ጥናቶች በዓለም ይታወቃሉ። በ1962 በማሟያ ምርጫ ገብቶ፣ ላቦራቶሪውን ሳይተው እስከ 1986 በእንደራሴነት ቆየ። ጓደኛው ጋርድ ጋርደም ጠበቃ ነው። ሁለቱ በ1972 ኒው ዴሞክራቶች ክፍለ ሀገሩን ሲያሸንፉ እንኳ ፖይንት ግሬይን አልለቀቁም። በ1975 ግን ወደ ሶሻል ክሬዲት ዞሩና ሚኒስትር ሆኑ፤ መራጩም አልቀጣቸውም። በጊዜው የመኪና መድን ዋጋ ሲንር ማክጊር «መክፈል ያልቻለ መኪናውን ይሽጥ» የሚል መልስ ሰጥቶ በመላው ክፍለ ሀገር በመኪና መከላከያ ላይ የሚለጠፍ መዘባበቻ ሆነ። ፖይንት ግሬይ ግን ደግሞ መረጠው። ጋርደም በኋላ ከ1995 እስከ 2001 በክፍለ ሀገሩ የንግሥቲቱ እንደራሴ ሆኖ አገለገለ።

የአጎራባች ክልሎች ዕጣ ከዚህ የተለየ ነበር። ፖይንት ግሬይ በ1972 ማክጊርንና ጋርደምን ሲመልስ፣ በቫንኩቨር-ቡራርድ ሮዝሜሪ ብራውን ተመረጡ፤ በካናዳ የክፍለ ሀገር ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። በ1978 ግን ዳኛ ሎውረንስ ኤካርት ያዘጋጁት አዲስ ካርታ ቫንኩቨር-ቡራርድን ከናካቴው ሰረዘው፤ ብራውን ወደ በርናቢ ሄደው ነው እንደገና የተመረጡት። ያው ካርታ ለሶሻል ክሬዲቷ ሚኒስትር ለግሬስ ማካርቲ ክልል እንደ ጣት ቀጥ ብላ የወጣች ቁራጭ ጨመረላት። ቁራጯ የደጋፊዎቻቸው መኖሪያ ነበረች። «የግሬሲ ጣት» የሚለው ስም እስከ ዛሬ የድንበር ማጭበርበር ሲነሣ ይጠቀሳል። በጣቷ ላይ ብዙ ተስቋል፤ የብራውን ክልል መጥፋት ግን፣ የበለጠው ጉዳት እሱ ሆኖ ሳለ፣ እንደ እሷ አልተወራለትም።

በ1986 የፖይንት ግሬይ ሁለት መቀመጫዎች ለሁለት ሴቶች ሆኑ። አንዷ የሶሻል ክሬዲቷ ኪም ካምቤል፣ ሌላዋ የኒው ዴሞክራቶቹ ዳርሊን ማርዛሪ። ካምቤል በዚያው ዓመት ለፓርቲው መሪነት ተወዳድረው ያገኙት 14 ድምፅ ብቻ ነበር። በውርጃ ጉዳይ ከርዕሰ መስተዳድሩ ከቢል ቫንደር ዛልም ጋር ተጋጩና በ1988 ወደ ፌዴራል ፓርላማ ሄዱ፤ በ1993 የካናዳ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የለቀቁትን መቀመጫ በ1989 በተደረገው የማሟያ ምርጫ ቶም ፔሪ የሚባል የኒው ዴሞክራቶች ሐኪም ወሰደው። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን የባለጸጎቹ ሰፈር ሁለቱም ወንበሮች በግራው ወገን እጅ ወደቁ።

ባለ ሁለት መቀመጫው ዘመን ያበቃው በፍርድ ቤት ግፊት ጭምር ነው። በ1989 ዳኛ ቤቨርሊ ማክላክሊን፣ በኋላ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የሆኑት፣ የክፍለ ሀገሩ ካርታ የዜጎችን የመምረጥ መብት ይጥሳል ብለው ፈረዱ። በሩቅ ሰሜን ያለው የአትሊን ክልል ሕዝብ ከሱሬይ-ኒውተን ሕዝብ ከአሥር እጅ በታች ሆኖ ሳለ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ እንደራሴ ይልኩ ነበር። የከተማ ሰው ድምፅ ከገጠሩ ድምፅ አንድ አሥረኛ ዋጋ ነበረው ማለት ነው። በዳኛ ቶማስ ፊሸር የተመራው ኮሚሽን ባቀረበው መሠረት በ1991 ምክር ቤቱ በ75 ባለ አንድ መቀመጫ ክልሎች ተከፋፈለ። ፖይንት ግሬይም ከዚያ ወዲህ የሚልከው አንድ ሰው ነው።

አንድ ወንበር ሲቀር ትልልቆቹ ሰዎች ተሻሙበት። የቀድሞው የቫንኩቨር ከንቲባ ጎርደን ካምቤል በ1996 በዚሁ ክልል ገቡና በ2001 ከ79 መቀመጫዎች 77ቱን የጠቀለለ ድል ይዘው ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ። በአዲስ የሽያጭ ግብር ሳቢያ በመጣ የሕዝብ ቁጣ በ2010 መገባደጃ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። ተተኪያቸው ክላርክ በ2011 የማሟያ ምርጫ መቀመጫቸውን ወረሱ፤ ግን ኢቢን የበለጡት ከ600 በማይሞላ ድምፅ ነበር። ማስጠንቀቂያው ያኔውኑ ተሰጥቶ ነበር ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢቢ ዳግም ሲመጣ ኪትሲላኖ በሚባለው ሰፈር ያሉት ተከራዮችና በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ የሚኖሩት ወጣቶች ሚዛኑን ደፉት። ሾኔሲና መሰሎቹ በዚህ ጊዜ በሌላ የምርጫ ክልል ውስጥ ናቸው፤ ስሙ እንጂ ምድሩ የ1933ቱ ፖይንት ግሬይ አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያለው አስተዳደር ነው። ግቢውም ሆነ ከጎኑ ያሉት የዩኒቨርሲቲው የስጦታ መሬቶች የሚባሉት ሰፈሮች የቫንኩቨር ከተማ አካል አይደሉም፤ የራሳቸው ከንቲባም ሆነ የከተማ ምክር ቤት የላቸውም። የስጦታ መሬቶቹን የሚያስተዳድረው የክፍለ ሀገሩ ሚኒስትር የሚሾመው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሌላ ቦታ ያለ ሰው የመንገድ መብራት ሲጠፋበት ወይም አዲስ ፎቅ ሲሠራበት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ይጮኻል። የዚህ ሰፈር ሰው ከሚጮኽባቸው ተመራጮች አንዱ የፖይንት ግሬይ እንደራሴ ነው። ስለዚህም ርዕሰ መስተዳድር የሆነ እንደራሴ፣ ክፍለ ሀገሩን ሁሉ እየመራ፣ ለተወሰኑ መራጮቹ የከንቲባም ያህል ተጠያቂ ነው። መሬቶቹን ከከተማ አስተዳደር ውጭ ያስቀረው የ1920ዎቹ ውሳኔ እስካሁን አስተዳደራዊ እንቆቅልሽ ሆኖ መቀመጡ አሳፋሪ ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከንቲባ የመምረጥ መብት ሳይኖረው ይኖራል።

ኢቢ በ2017 ዋና ዐቃቤ ሕግ፣ በኖቬምበር 2022 ርዕሰ መስተዳድር ሆነ። ክልሉ ከ1996 ወዲህ ካስገባቸው ርዕሳነ መስተዳድሮች ሦስተኛው መሆኑ ነው። በ2024 ምርጫ ካርታው እንደገና ተከልሶ መቀመጫዎቹ 93 ሲሆኑ የፖይንት ግሬይ ድንበርም ተቀየረ፤ ፓርቲው 47 መቀመጫ ይዞ በአንድ ወንበር ብልጫ ሲተርፍ ኢቢ ክልሉን አልተነጠቀም። በክፍለ ሀገሩ ሕግ መሠረት ከየሁለት ጠቅላላ ምርጫ በኋላ አዲስ የድንበር ኮሚሽን ይቋቋማል፤ የሚቀጥለው ምርጫ ካለፈ በኋላም የፖይንት ግሬይ መስመር እንደገና ለክለሳ ይቀርባል።